ኮምቦልቻን ቀይ የቀባ ጫማ

በደቡብ ወሎ ምድር ያለ ዱላ፣ ያለ ጠመንጃ፣ ያለ ውሻ ወንጀል ያጠፋ ሰው ቢፈለግ ከእኔ ሌላ አይገኝም። ከወንበሬ ሳልነሳ፣ ሻዬ ሳይቀዘቅዝ፣ በአንድ ከሰዓት ስንቱን ሌባ ድራሹን አጥፍቼዋለሁ። ችግሩ ሌቦቹ መጥፋታቸውን አልሰሙም።

እንድሪስ እባላለሁ። ደሴ ውስጥ በአንድ የፖሊስ መሥሪያ ቤት መረጃ ክፍል የምሠራ ሲቪል ሠራተኛ ነኝ። ዩኒፎርም የለኝም፤ ያለኝ ኮምፒውተርና ሆድ ነው። ጣቢያዎች የወንጀል ቁጥራቸውን ለእኔ ይልካሉ፣ እኔ ደምሬ ለበላዬ እልካለሁ፣ የበላዬ ለክልል፣ ክልል ለፌዴራል። ዶሮዋ የተሰረቀባት ሴት እንባዋ አዲስ አበባ ሲደርስ ከነጥብ በኋላ ያለ ቁጥር ይሆናል። እዚያ ደግሞ ይህ ክልል ከዚያ ክልል፣ ይህ ዞን ከዚያ ዞን ይወዳደራል። ማን ሰላማዊ፣ ማን የሌባ አገር እንደሆነ የሚታወቀው እንግዲህ በዚህ ነው።

ሌቦቹን ያጠፋሁት ደግሞ «የስርቆት ሙከራ» የሚለውን መስመር ከስርቆት ዓምድ አንስቼ «ሌሎች» ወደሚል ዓምድ ያሻገርኩ ጊዜ ነው። ስርቆት ቀነሰ። አለቆቼ ተመሰገኑ። ለእኔም የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፤ ቤቴ ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል። «ሌሎች» አብጦ አብጦ ሊፈነዳ ደረሰ፣ ግን ስለ «ሌሎች» የሚጠይቅ አለቃ እስከዛሬ አልተወለደም።

እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ። አሁን ወደ ገጠመኜ ልግባ።

አንድ ሰኞ ጠዋት የጣቢያዎችን ንጽጽር ጨርሼ ለአለቃዬ ለኮማንደር ታደሰ አቀረብኩ። ጥሩውን አረንጓዴ፣ መካከለኛውን ቢጫ፣ መጥፎውን ቀይ እቀባለሁ። በዚያ ሩብ ዓመት ኮምቦልቻ ያለች አንዲት ጣቢያ እንደ በርበሬ ቀልታ ወጣች። ሌላው ሁሉ እንደ ክረምት ሜዳ ለምልሟል።

«ይቺ የጣቢያዋ ኃላፊ ሴትዮ ይህን ሁሉ ሌባ ከየት አመጣችው?» አለ ኮማንደሩ።

«ቁጥሩ የሚናገረው ይህንን ነው ኮማንደር» አልኩ። ቁጥር ሲናገር ሰምቼ አላውቅም፤ ግን እንዲህ ሲሉ አዋቂ ያስመስላል።

«እንግዲያው ነገ በስብሰባው ላይ ከኃላፊነት እናነሳትና ሩቅ ወረዳ እንመድባታለን። አንተ ዛሬውኑ ውረድ። ቁጥሩን ከመዝገቧ ጋር አስተያይና አስፈርማት። ኋላ ‹ቁጥሩ የእኔ አይደለም› እንዳትል።»

ወረድኩ። ደሴ ላይ ጃኬት ያስለበሰኝ ብርድ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ስንወርድ እየሳሳ ሄዶ ኮምቦልቻ ስደርስ ጃኬቴ ክንዴ ላይ ነበር። እግሬ ላይ ቡናማ የቆዳ ጫማ፣ ለስላሳ፣ ውሃ የማያስገባ። እንዲህ ያለ ጫማ አድርጎ ሰው ለማስነሳት መሄድ፣ ምን ልበላችሁ፣ ያኮራል።

ከጣቢያዋ ደጅ ወረፋ አለ። ሌላ ጣቢያ ስሄድ ደጅ ላይ የማገኘው ፍየል ነው። «ወንጀል ሲበዛ እንዲህ ነው» ብዬ በሆዴ ፈረድኩ።

ኃላፊዋ ኢንስፔክተር ወይንሸት አርባ ዓመት ያለፋት፣ ቀጭን፣ ድምፀ ዝግ ሴት ናት። ወንበር ሳበችልኝ።

«እንኳን ደህና መጡ አቶ እንድሪስ። ቀይ የቀቡኝ እርስዎ ነዎት?»

«ኧረ እኔ አይደለሁም፣ ኤክሴል ነው።»

«ኤክሴል የማን ልጅ ነው?»

ነገ ሊያነሷት እንደሆነ ሰምታለች። «እኔ የትም ብመደብ እሠራለሁ» አለች፤ «እናቴ ግን አልጋ ላይ ናት። እኔ ከኮምቦልቻ ከሄድኩ የሚያያት ሰው የለም። በሉ፣ መዝገቡ ይኸውና።»

መዝገቡ የመስጊድ በር ያህላል። ገለጥኩ። ዶሮ። ሞባይል። የባጃጅ መስታወት። የልብስ ማስጫ ገመድ ከነልብሱ።

«ገመድም ይጻፋል?»

«ሴትየዋ መጥታ አቤት ብላ አልጽፍም ልበላት?»

«ሽማግሌ ጨርሶታል ይላል እኮ ከሥሩ።»

«ሽማግሌ ጠቡን ጨረሰ። ገመዱ አልተሰረቀም ብሎ አልመሰከረም።»

ነገሩ ቆረቆረኝ። ደሴ ካለ አንድ ጣቢያ የሚሠራ ወዳጄ ሳጅን ዘንድ ደወልኩ። ጣቢያው አረንጓዴ ከቀባኋቸው አንዱ ነው።

«ስማ፣ አንድ ሰው ዶሮ ተሰረቀብኝ ብሎ ቢመጣ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ሽማግሌ ፈልግ እንለዋለን።»

«ሽማግሌው ካስታረቀስ?»

«ታዲያ ምን ወንጀል አለ?»

«ካላስታረቀስ?»

«ተመልሶ አይመጣም። ይደክመዋል።»

ሌላ አረንጓዴ ጣቢያ ደወልኩ። እነሱ ተጠርጣሪው ካልተያዘ ቁጥር ውስጥ አያስገቡም። «ያልተያዘ ሌባ ሌባ መሆኑን በምን እናውቃለን?» አሉኝ፤ ፍልስፍና እኮ ነው። ሌላው ደግሞ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ የደረሰ ፋይል ብቻ ይቆጥራል። ወላሂ ላብ አጠመቀኝ። አንዷ እንባ ትቆጥራለች፣ አንዱ ፋይል ይቆጥራል፣ አንዱ ካቴና ይቆጥራል። እኔ ግን ጤፍ በኪሎ፣ ዘይት በሊትር፣ ጨርቅ በሜትር ለክቼ «የትኛው ይበልጣል?» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። በዚያ ላይ ቀለም ቀብቼ!

ያም ሆኖ አንድ ገጽ አስደነገጠኝ። በአንድ ጁምዓ ብቻ ሃያ ሦስት ስርቆት። ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት፦ ጫማ፣ ጫማ፣ ጫማ።

«ይህስ? የጫማ ጦርነት ነበር እንዴ?»

ኢንስፔክተሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «ከሦስት ወር በፊት ነው። ሕዝቡ ጁምዓ እየሰገደ ሳለ ዝናብ መጣ። ደጅ ላይ የነበረውን ጫማ ሰብስበው በረንዳ ላይ ከመሩት። ሰላቱ ሲያልቅ ቀድመው ከወጡት አንዱ ሀጂ ኑሩ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ጫማቸውን አጡ። ‹ጫማዬን ወሰዱት!› ብለው ቢጮኹ ሕዝቡ ‹ሌባ ገብቷል› ብሎ ግር አለ። ያገኘውን ያገኘውን ተጫምቶ ወጣ። ከዚያ ተከታትለው ወደ እኔ።»

«ሊከሱ?»

«ሊከሱ! አንዱ የሌላውን ጫማ አድርጎ፣ ‹ጫማዬን ተሰረቅሁ› እያለ፣ በአንድ ወረፋ! ሁሉም ወደ እኔ ያያል፣ ጎረቤቱ እግር ላይ ያለውን የሚያይ የለም። በማግስቱ ነገሩ ሲገባኝ ሽማግሌዎቹን ጠራሁ። በሚቀጥለው ጁምዓ ሁሉም ጫማውን ግቢው ውስጥ ደረደረና የራሱን አነሳ። ሃያ ሁለቱ መጥተው ‹ተሳስተን ነው› ብለው ፈረሙ።»

«እንግዲያው ለምን አልሰረዝሽ... አልሰረዙትም?»

«የእርስዎ ቅጽ ላይ ‹ተሳስተው ነበር› የሚል ዓምድ አለ?»

የለም። ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ።

«ደግሞ ሁሉም በአንድ ፋይል ነው የተከፈተው። ሃያ ሦስተኛው፣ የሀጂ ኑሩ ጫማ፣ አልተገኘም። እሱ ሳይገኝ ፋይሉ አይዘጋም። በምትኩ ባለቤት የሌለው አንድ ጫማ ተረፈ። እስቲ ላሳይዎት።»

ከኤግዚቢት መደርደሪያው ላይ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ቡናማ ነው። አፍንጫው ተልጧል። የግራው ጎን በአረንጓዴ ክር ተሰፍቷል።

ያ ረቢ!

ያን አረንጓዴ ክር አውቀዋለሁ። ደሴ ሆጤ ሰፈር ያለ ጫማ ሰፊ ወዳጄ «ቡናማው ክር አልቆብኛል፣ አረንጓዴ ምን አለው? ለመሆኑ እግርህን ማን ያየዋል?» ብሎ የሰፋልኝ ነው። ጫማው የእኔ ነው! ያን ጁምዓ ለዘመድ ሰደቃ ኮምቦልቻ ወርጄ ነበር። ሰግጄ፣ በዝናቡ ውስጥ፣ ለደሴ ሚኒባስ እየተጣደፍኩ እግሬ ያገኘውን ተጫምቼ ወጣሁ። እና አሁን የሀጂ ኑሩ ጫማ፣ የሃያ ሦስት ስርቆት ቁልፍ፣ ከጠረጴዛው ሥር፣ እግሬ ላይ ነው።

እግሬን ወደ ወንበሩ ሥር ሸጎጥኩት። ቢቻል ወደ ኪሴ እከተው ነበር።

ይህን ጊዜ በሩ ተንኳኳ። «አሰላሙ አለይኩም!» ብለው ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ ገቡ። የጎማ ነጠላ ጫማ አድርገዋል።

«ሀጂ ኑሩ ናቸው» አለች ኢንስፔክተሯ። «በየሳምንቱ ሰኞ ይጠይቁኛል።»

ወሎ ውስጥ ሽማግሌ ሲገባ የማይነሳ ሰው አሳዳጊ የበደለው ነው። እኔ ብነሳ ግን ጫማው አብሮኝ ሊነሳ ነው። ከወገቤ በላይ ብቻ ተነሳሁ። እግሬ ጠረጴዛ ሥር እንዳለ እንደ ተገነደሰ ዛፍ ዘምሜ እጃቸውን ሳምኩ።

«ምነው ልጄ፣ አመመህ?»

«ወገቤን... ያዘኝ፣ ሀጂ።»

«አላህ ያሽርህ!» ብለው መዳፋቸውን ዘርግተው ለወገቤ ዱዓ ጀመሩ። ረጅም ዱዓ ነው። የእኔን ብቻ አይደለም፣ የልጆቼንም ወገብ ጨመሩበት። ወይንሸት አንገቷን ደፍታ «አሜን» ትላለች። እኔ ጣቶቼ የሳቸው ጫማ ውስጥ እየተኮማተሩ «አሚን» እላለሁ።

ሲጨርሱ ተቀመጡና ወደ እሷ ዞሩ። «ጫማዬ አልመጣም?»

«ገና ነው ሀጂ።»

«ጫማው አይደለም እኮ የሚያንገበግበኝ። ልጄ ናት የገዛችልኝ፣ በመጀመሪያ ደሞዟ። በመጣች ቁጥር ‹አባ፣ ጫማህስ?› ትለኛለች። ‹እርጥብ ነው› እላታለሁ። ሦስት ወር ሙሉ የማይደርቅ ጫማ የት አለ? መዋሸት ሰለቸኝ።»

«የወሰደውን ሰው ቢያገኙት ምን ያደርጉታል?» አልኩ፤ ድምፄ የጥጃ ድምፅ ሆነ።

«ተሳስቶ ከሆነ አውፍ ብያለሁ፣ ይቅር ብዬዋለሁ። አውቆ ከሆነ ግን...» ጣታቸውን ወደ ላይ አሳዩ። «ለአላህ ሰጥቼዋለሁ።»

እሳቸው ከወጡ በኋላ ኢንስፔክተሯን ለማባበል ሞከርኩ። «እነዚህን ሃያ ሦስት ብንሰርዛቸው እኮ ከቀይ ወደ ቢጫ ይወጣሉ።»

«ሰውየው መጥተው ሲጠይቁ አይተዋል። ሰርዤ ምን ልበላቸው? ጫማ አልነበረዎትም ልበላቸው?»

ፈረመች፤ ቁጥሩ ትክክል ነው ብላ። እስከ በር ሸኘችኝ። ወደ ታች አየች፣ ቀና አለች። «ጥሩ ጫማ ነው» አለችኝና ወደ ወረፋዋ ተመለሰች። በዚያው ሚኒባስ ይዤ ደሴ ተመለስኩ።

በማግስቱ ጠዋት ባለቤቴ ከድጃ በር ላይ ያዘችኝ። በእጄ ፌስታል፣ በእግሬ የእሷ የላስቲክ ነጠላ ጫማ፤ ተረከዜ ከኋላ ተንጠልጥሏል።

«ስብሰባ በእኔ ሸበጥ? ጫማህስ?»

«እርጥብ ነው።»

«አጂብ! ከሰማይ ጠብታ ሳይወርድ?»

መሥሪያ ቤት ስደርስ ስብሰባው ሊጀመር ነበር። ኮማንደሩ ሰንጠረዤን ግድግዳው ላይ አብርቶታል። ቀዩ መስመር የመርዶ ያህል ይጮኻል። ኢንስፔክተር ወይንሸት ከፊት ለብቻዋ ተቀምጣለች። ያን አረንጓዴ ክር ያለበትን ጫማ ጠረጴዛው ላይ አድርጋዋለች።

«ወይንሸት፣ ነገሩን አናክብደው» አለ ኮማንደሩ። «ይሄ የጫማ ጉዳይ መሳቂያ ነው የሚያደርገን። ሃያ ሦስቱን ሰርዣለሁ በይና ፈርሚ። የቀረውን እናስብበታለን።»

«ጫማው ሳይገኝ አልሰርዝም ኮማንደር።»

«በአንድ ጫማ ወንበርሽን ልትለቂ?»

«ጫማው የሀጂ ኑሩ ነው። ወንበሩ የመንግሥት ነው።»

ኮማንደሩ ብዕሩን አነሳ። ውሳኔውን ሊጽፍ ነው። ጉልበቴ ራሱ ተነሳ፤ እኔ አላዘዝኩትም። ሸበጤን እያንቋቋሁ በመካከል አልፌ ፌስታሉን ገለበጥኩት። ቡናማው ጫማ ካሮጌው ጎን ዱብ አለ።

«ምንድን ነው ይሄ እንድሪስ?»

«ሃያ ሦስተኛው ነው፣ ኮማንደር።»

«የት ተገኘ?»

«እግሬ ላይ።»

እንዲህ ያለ ሳቅ ጦሳ ተራራ ድረስ ተሰምቷል ብል ማጋነን አይሆንም። አንዱ አሥር አለቃ ከወንበሩ ወድቋል፤ ይህን እንኳ አላጋነንኩም። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቅኩና ሁለተኛውን ሰንጠረዥ አወጣሁ። ትናንት ማምሻውን ለየጣቢያው ደውዬ፣ የመጣውን አቤቱታ ሁሉ፣ የተመለሰውንም የደከመውንም፣ በግምት ሳይሆን ሳይጻፍ የቀረውን ከሚያውቁት ከራሳቸው ከጸሐፊዎቹ ጠይቄ፣ በአንድ መስፈሪያ ሰፍሬው ነበር። ግድግዳው ላይ ሳበራው ለምለሙ ሜዳ ሁሉ ቀላ። የወይንሸት ጣቢያ መሃል ላይ፣ ቢጫ ሆና ቁጭ አለች። አረንጓዴ የነበሩት ኃላፊዎች ሳቃቸውን ዋጡ።

ኮማንደሩ የቀሉትን መስመሮች ከላይ እስከ ታች በብዕሩ ቆጠረ። «ይህቺን ሰንጠረዥ አጥፋት» አለኝ በመጨረሻ። ከዚያ ብዕሩን ክዳኑ ውስጥ ከተተ። «የኃላፊዋ ጉዳይ... ይቆይ።»

እስካሁን እንደቆየ ነው። ወይንሸት ኮምቦልቻ አለች፣ እናቷም አሉ፣ ወረፋውም አለ። ወደ ላይ በምንልከው ሰንጠረዥ ግርጌ ደግሞ «አቆጣጠሩ ከጣቢያ ጣቢያ ይለያያል» የሚል መስመር ተጨምሯል፤ ጉንዳን ካላነበበው በቀር ማንም በማያነበው ፊደል።

ያን ዕለት ወይንሸት ከስብሰባው ሳልወጣ ቃሌን ተቀበለችኝ።

«ስም?»

«ያውቁታል እኮ።»

«ስም?»

ተናገርኩ። ዕድሜ፣ ሥራ፣ አድራሻ። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ጫማውን የወሰዱት በስህተት ነው ወይስ አውቀው?» አለችኝ።

«በስህተት።»

ትንሽ አየችኝ። «በስህተት» ብላ ጻፈች። ፈረምኩ። ሃያ ሦስቱም ተዘጉ።

ጫማውን ራሴ ለሀጂ ኑሩ ወስጄ አስረከብኩ። «አውፍ ብያለሁ ልጄ፣ ወገብህስ?» አሉኝ። ሽማግሌዎቹ ግን በነጻ አልለቀቁኝም፤ ሦስት ጁምዓ ኮምቦልቻ እየወረድኩ የመስጊዱን ደጅ ጫማ እንድጠብቅ ፈረዱብኝ። ጠበቅኩ። ያኔ የቆጠርኩት የጫማ ቁጥር በሕይወቴ ከቆጠርኩት ሁሉ ትክክለኛው ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱን ጫማ ከነባለቤቱ አየሁት።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ በሬዲዮ «በዚህ አካባቢ ወንጀል በዛ፣ በዚያ ቀነሰ» ሲባል ስትሰሙ ወዲያው አትፍረዱ። ብዙ የተጻፈበት አገር ብዙ የተሰረቀበት ላይሆን ይችላል፤ የሚሰማ ጆሮ ያለበት ሊሆን ይችላል። ጸጥ ያለው ደግሞ ሕዝቡ አቤት ማለት የደከመው ሊሆን ይችላል። እኔ ዛሬ ከመቀባቴ በፊት እደውላለሁ። የምስክር ወረቀቴንም ከሳሎን አውርጄዋለሁ፤ ከድጃ ግን የሚስማሩ ቀዳዳ ያስጠላል ብላ መልሳ ሰቅላዋለች።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። መዝገቡ ላይ «በስህተት» የሚለው ቃል የኔ ነው፣ ውሸትም ነው። ያን ጁምዓ በረንዳው ላይ ሁለቱን ጫማ ጎን ለጎን አይቻቸዋለሁ። አረንጓዴው ክር ወለል ብሎ ይታየኝ ነበር። የኔ ጫማ ውሃ ያስገባል፣ ዝናቡ ደግሞ በርትቷል። የሽማግሌውን አደረግኩና ፈጠን ብዬ ሄድኩ። ስለዚህ የዚያ ጁምዓ ትክክለኛ ቁጥር ሃያ ሦስት አይደለም፣ ዜሮም አይደለም። አንድ ነው። ሌባው እኔ ነኝ።